እናቴ «አሚን» አለች

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣

መታገስ ቢያቅተኝ ነው የጻፍኩት። እናቴ ከታመመች አራት ወር ሆናት። ጎረቤታችን በየማታው ይመጣሉ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ ሙስሊም። መምጣታቸውን አልጠላሁም። ከአፋቸው የማትጠፋው አንዲት ነገር ናት ያቃጠለችኝ፦ «ሁሉም አንድ ነው እኮ ልጄ።» ቁርኣን ስቀራ ከሰሙ፣ «ሁሉም አንድ ነው።» ስሰግድ ከደረሱ፣ «ሁሉም አንድ ነው።» አንድ ከሆነማ እኔ ምን አለፋኝ? እሳቸውስ ዕድሜ ልካቸውን ለምን ጾሙ? ስንቴ ልናገር ብዬ በዕድሜያቸው አፍሬ ዋጥ አደረግኩት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የእናቴን እጅ ይዘው በራሳቸው መንገድ መጸለይ ጀመሩ። ሲጨርሱ እናቴ፣ ሰሞኑን ብዙም አትናገርም፣ «አሚን» አለች። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ወጣሁ። እህቴ «ይተዉ በያቸው» ትላለች። ልበላቸው? እውነቱን ልንገርዎት፣ በሩ ጋ ቆሜ እኔም በልቤ «አሚን» ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሃይማኖቴን ከዳሁ ማለት ነው?

መልስ

እህቴ፣

«ሁሉም አንድ ነው» የምትለዋ እኔንም ታናድደኛለች። አንድ አይደለም። ለእሳቸው ኢየሱስ አምላክ ነው፣ ለአንቺ ዒሳ ነቢይ ነው። ይህ በፈገግታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ግን ሰው በሽተኛ አጠገብ ሲቀመጥ የሚለው ይጠፋዋል። ኢዮብን አስታውሺ፣ እናንተ አዩብ የምትሉትን። መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚለው ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ነገሩ የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። ጎረቤትሽም መናገሩን ባያውቁበት መቀመጡን አውቀውበታል።

እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነው። «ሰሞኑን ብዙም አትናገርም» ብለሽ አለፍሽው። መናገር የከበዳት ሴት ያላትን ትንፋሽ ያወጣችው ለዚያች ቃል ነው! አንቺና እህትሽ «ይተዉ እንበላቸው ወይስ አንበላቸው» ስትሉ እሷን የጠየቃት አለ?

ቃሏንም እስቲ እያት። አንቺ አሚን፣ እሳቸው አሜን። ሚ እና ሜ። የቁርኣን መክፈቻው ፋቲሓ ሲያልቅ የምትያት ናት። አይሁዶችም በዕብራይስጥ ይሏታል፤ እኛ «ማመን»፣ «መታመን» የምንለውም ከዚያው ሥር ነው። የቃል መመሳሰል ሃይማኖትን አንድ አያደርግም፣ አውቃለሁ። ግን ጎረቤትሽ የለመኑት ምን ነበር? አልጻፍሽልኝም። «ሕመሟን አቅልልላት» ይመስለኛል። አንቺስ ሱጁድ ላይ፣ ግንባርሽን መሬት አስነክተሽ፣ ሌላ ነገር ትለምኛለሽ?

ከዳሁ ወይ ላልሽው፣ ኡስታዝሽን ጠይቂ፤ እኔ የሃይማኖት ፈራጅ አይደለሁም። ስትጠይቂ ግን ስለ ውሃው አታውሪ። በሩ ጋ የሆነውን ንገሪ። የእኔን ካልሽ፣ እናቷ እንድትድን በተለመነ ልመና ላይ አሚን ያለች ልጅ ከዳተኛ አትመስለኝም። ደክሟታል እንጂ።

ዛሬ ማታ እናትሽን ጠይቂያት። እጅሽን ጨበጥ ብታደርግም መልስ ነው። ይምጡ ካለች ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጊላቸው። «ሁሉም አንድ ነው» ሲሉሽ ደግሞ አትዋጪው፤ «አይደለም እትዬ፣ ግን ይቀመጡ» በያቸው።