ከትንሽ ልጅ ጋር እስከ ሐዋሳ በመኪና፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በደቡቡ መስመር እንግዳ ይዤ ስመላለስ የኖርኩ ሹፌር ነኝ። ቤት ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት የአራት ዓመት ልጅ አለኝ። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ስላለው መንገድና ስለ ሐይቆቹ ልጅ ያላችሁ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ለመጡልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ዓርብ ከሥራ ወጥተን ማታውኑ ሐዋሳ ገብተን እሑድ ብንመለስስ?

መልስ፦ እኔ አላደርገውም። ርቀቱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰውም “አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው” ይላል። ይህ ልጅ ያልያዘ ሰው ሒሳብ ነው። ሽንት፣ ውሃ፣ የወደቀ አሻንጉሊት፣ “ደረስን?” እያለ ስድስት ሰዓትም ሰባትም ይሆናል። ከመሸ ደግሞ ከባቱ (ዝዋይ) ወዲያ መብራት የሌለው ጋሪ፣ መንገድ ላይ የተኛ ከብትና ባጃጅ ይጠብቃችኋል። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ ሐዋሳን ተዉትና ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ ላንጋኖ እደሩ። ሦስት ሌሊት ካላችሁ አንዱን ላንጋኖ፣ ሁለቱን ሐዋሳ። ብዙዎች ዕቅዱን የሚያወጡት በኪሎ ሜትር ነው፤ ከልጅ ጋር ግን መጀመሪያ የምትተኛበትንና የምትበላበትን ሰዓት ጻፉ፣ መንገዱን በዚያ ልክ ቁረጡት።

ጥያቄ፦ የት የት እንቁም?

መልስ፦ እስከ ሞጆ የአዳማው ፈጣን መንገድ ነው፤ ከሞጆ እስከ ባቱም ፈጣን መንገድ አለ። ፈጣን መንገድ ላይ እንደ ልብ መቆም ስለማይቻል ልጁ ከመግባታችሁ በፊት ይሽና፤ ፖፖውንም ከሻንጣ በታች አትቅበሩት። ትልቅ ልጅ ያላቸውና ጊዜ የተረፋቸው በቆቃና በመቂ በኩል የሚያልፈውን አሮጌውን መንገድ ቢይዙ አይቆጫቸውም። የቆቃ ሐይቅ፣ የአዋሽ ድልድይ፣ የአህያ ጋሪ፣ በየዳሩ የተከመረ ሽንኩርትና ቲማቲም ያያሉ። አህያ መቁጠር ልጄን ከማንኛውም የስልክ ጨዋታ የበለጠ አቆይቶልኛል።

ዋናው ማረፊያ ባቱ ይሁን፤ ብዙ ሰው አሁንም ዝዋይ ይለዋል። ወደ ሐይቁ ዳር ግቡ። አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራውና ረጅሙ ወፍ፣ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ትርፍራፊ ለመልቀም እንደ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቃል። ልጆች በጣም ይወዱታል፤ ነገር ግን መንቁሩ ከባድ ነውና በእጃቸው እንዲያጎርሱት አትፍቀዱ። ምሳ ዓሣ ከሆነ ለልጁ እሾህ የሌለው ጉላሽ እዘዙ። ለብለቡና የዓሣ ዱለቱ ለአዋቂ ይቅር። ጾም ላይ ሆናችሁ ዓሣ የማትበሉም በየዓይነቱ አታጡም።

ከባቱ ወዲያ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አልፋችሁ በግራ በኩል ወደ ላንጋኖ ትታጠፋላችሁ። ያ የመጨረሻው ጥቂት መንገድ ነው ልጁ እንቅልፍ የሚወስደው። ሁልጊዜ።

ጥያቄ፦ ልጄ ጭኔ ላይ ካልሆነ ያለቅሳል። ባለቤቴም “ጋቢና ከእኔ ጋር ይቀመጥ” ይላል። የልጅ መቀመጫ የግድ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት። በግጭት ጊዜ በእጅ አጥብቆ መያዝ የሚባል ነገር የለም፤ ክንድ አይችለውም። ጋቢና ደግሞ ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው፤ ኤርባጉም ራሱ ትንሽ ልጅ ይጎዳል። መቀመጫው የኋላ ወንበር ላይ ይታሰር። ሁለት ዓመት ያልሞላው ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጥ፤ መቀመጫው የሚፈቅደው ክብደት እስኪሞላ በዚያው ቢቆይም ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይሸጣል፤ ውድ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡ፤ ብዙ አየር መንገዶች ከሻንጣው ኪሎ ውጭ ይጭኑታል። መኪና ስትከራዩ የኋላው ቀበቶ መሥራቱን ራሳችሁ ስባችሁ እዩ። አንዳንዱ መኪና ላይ ቀበቶው ወንበር ሥር ጠፍቶ ታገኙታላችሁ።

ለለቅሶው ከጉዞው ሳምንት በፊት መቀመጫውን ሳሎን አስቀምጡት። ቴሌቪዥን እሱ ላይ ሆኖ ይይ፣ ብስኩቱንም እዚያ ይብላ። መኪና ውስጥ ሲያገኘው የራሱ ዙፋን ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ልጄን መኪና ያስመልሳታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁለት ዓመት በታች እምብዛም ነው፤ ከዚያ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ይብሳል። ባዶ ሆድም የጠገበ ሆድም መጥፎ ነው፤ ደረቅ ዳቦ ወይም ጥቂት ዳቦ ቆሎ (ትንሽ ካልሆነች፣ እንዳያንቃት) አብሊያት። ወተት አይሁን። ስልክና መጽሐፍ ነጥቃችሁ ሩቅ እንድታይ አድርጉ። ቅያሪ ልብስና ፌስታል እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። መድኃኒት ከፈለጋችሁ ፋርማሲስቱን በዕድሜዋና በኪሎዋ ጠይቁ፤ የእናንተን ግማሽ ቆርጣችሁ አትስጧት።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ለእረፍት እንመጣለን፤ ልጆቹ እዚያ ነው የተወለዱት። ወባ አለ ወይ?

መልስ፦ አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የወባ ነገር ይረሳል። ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ ላንጋኖም ዝቅ ያለ ቆላማ ቦታ ነው። ዱባይ ያደጉ ልጆች ወባን የሚቋቋም ሰውነት ስለሌላቸው ይበረታባቸዋል። ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም ስለ መከላከያ ክኒን አማክሩ። አጎበር ይዛችሁ ኑ፤ የሆቴሉ ቢኖርም ቀዳዳውን ፈትሹ። ሲመሽ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ገደብም አንብቡ። ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ፦ ወባ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ ነው። ዱባይ ተመልሳችሁ ልጁ ቢያተኩሰው “ጉንፋን ነው” ብላችሁ እንዳታሳድሩት፤ ኢትዮጵያ ነበርን ብላችሁ ደሙን በዚያው ቀን አስመርምሩ።

ጥያቄ፦ ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው። ልጅ ይዋኝበታል?

መልስ፦ ቀለሙ ከማዕድንና ከደለል ነው፤ ላንጋኖ በቢልሃርዚያ (ከውሃ በቆዳ በኩል በሚገባ ትል) አይታማም፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚዋኝበት። ባቱና ሐዋሳ ግን አታስገቧቸው፤ ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለ። ውሃው ስለደፈረሰ የሰመጠ ልጅ አይታይም፤ ጉልበት በማይሞላ ውሃም ቢሆን አንድ አዋቂ እጁ በሚደርስበት ርቀት ይቁም። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲበረታ አውጧቸው፤ አሸዋ ላይ ይጫወቱ።

ጥያቄ፦ አብያታ ሻላ ፓርክ መግባት ያዋጣል?

መልስ፦ ለትንሽ ልጅ በጣም። በሩ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ከመግቢያው ብዙም ሳይርቁ ታያላችሁ። ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዛችሁ ተራመዱ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአብያታ ውሃ ስለሸሸ ዳርቻው ደረቅ መስሎ ከሥሩ ጭቃ ነው፤ መኪና ይውጣል። ሻላ ዳር ያለው ፍልውሃ ደግሞ ያቃጥላል፤ ልጁን እጁን ይዛችሁ ከሩቅ አሳዩት። ሻላ ራሱ ጥልቀቱ ከ260 ሜትር በላይ ነው፤ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ማየት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳስ?

መልስ፦ ጠዋት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ጉሬዛና ጦጣ። ጦጣዎቹ ከልጅ እጅ ሙዝ ይነጥቃሉ፤ ምግብ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር የእግር መንገድ። ጀልባ የምትሳፈሩት በልጁ ልክ የሆነ ጃኬት ካለ ብቻ ነው፤ የአዋቂውን ቢያለብሱት ውሃ ውስጥ አንገቱ ሾልኮ ይወጣል።

ጥያቄ፦ እናቴም አብረን እንሂድ ብለዋል። 70 አልፈዋል።

መልስ፦ ይምጡ እንጂ! ጋቢናውን ለእሳቸው ስጧቸው፤ ለጉልበታቸውም ለመውጣትም ይመቻል። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ይንቀሳቀሱ፤ ልጁም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሆቴል ስትይዙ ምድር ቤት ጠይቁ። ብቻ የስንቁን ቦርሳ እሳቸው ዘንድ አታስቀምጡ፤ ልጁ ሞጆ ሳይደርስ ጠግቦ ያድራል።

ጥያቄ፦ እዚያ ከደረስን አርባ ምንጭስ?

መልስ፦ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምስት ሌሊት ከሌላችሁ አይሞከር። ብትሄዱ ሐዋሳ አድራችሁ በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ በኩል ነው፤ ወይም በአውሮፕላን ሄዳችሁ እዚያ መኪና ተከራዩ። አባያና ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይን ከከፍታ ማየት ለልጁም ለእናንተም በቂ ነው። ጫሞ ላይ አዞ ለማየት በጀልባ መሄዱን ልጁ ከፍ እስኪል አቆዩት። መንገድ ዳር እየጨፈሩ መኪና የሚያስቆሙ ሕፃናት ታገኛላችሁ፤ ባዶ ሃይላንድም ሆነ ከረሜላ በመስኮት አትወርውሩ፣ ወደ አስፋልት ይሮጣሉ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ጥሩው ጊዜ?

መልስ፦ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፤ አገሩ አረንጓዴ ነው። የኢሬቻ ሰሞን ቢሾፍቱ ይጨናነቃል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሐዋሳ ገብርኤል ስለሆነ፣ ለሲዳማ አዲስ ዓመት ለፍቼ ጨምበላላም እንዲሁ፣ አልጋ ቀድማችሁ ካልያዛችሁ አታገኙም።

ጥያቄ፦ የመንገዱ ሰላም ያሳስበኛል።

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፤ በዚህ መስመርም ችግር የነበረባቸው ጊዜያት አሉ። ከዋዜማው ባቱና ሻሸመኔ ላይ ለሚያውቁት ሰው ወይም ለሆቴሉ ደውል፤ በዕለቱም መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን ጠይቅ። “ዛሬ አይሻልም” ካሉህ ቢሾፍቱ አድረህ ተመለስ። በቀን ንዳ፣ ነዳጅህን አዲስ አበባ ሙላ።

ጥያቄ፦ ጎማ ቢፈነዳ ከልጅ ጋር ምን እናደርጋለን?

መልስ፦ ከመነሣታችሁ በፊት ጎሚስታ ጋ ሂዱና ስኮርታውን አስነፉ፤ ክሪኩ መኖሩንም እዩ። መንገድ ላይ ከሆነ መኪናውን በደንብ ዳር አስይዙ። አንዱ ወላጅ ልጁን ይዞ ከመከላከያው ብረት ወዲያ ማዶ ይራቅ፤ መኪና ውስጥ አይቀመጥ። ሌላው ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከኋላ ራቅ አድርጎ ያስቀምጥ፣ ከዚያ ክሪኩን ያውጣ።