የልጄ ፊት መሃሉ ወደ ውስጥ ገባ፤ ስፌቱ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከኩታበር ነው። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ስትወለድ ከንፈሯም ላንቃዋም የተሰነጠቀ ነበር። ከንፈሯ በ5 ወሯ፣ ላንቃዋ በዓመት ከመንፈቋ ተሰፋላት። አምሮባት ነበር። አሁን ግን ከአፍንጫዋ ሥር ፊቷ ወደ ውስጥ ገባ፣ የታች ጥርሷም የላዩን አልፎ ይታያል። ጎረቤት «ስፌቱ ተበላሽቷል» ይለኛል። ሌላዋ «በቅቤ እሺያት» ትላለች። ትምህርት ቤት «አገጫም» እያሏት ታለቅሳለች። እንደገና መሰፋት አለባት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንደ አገራችን ወግ መጀመሪያ አብሽሩ ልበልዎ። ከነገሩኝ ተነሥቼ ስገምት ስፌቱ የተበላሸ አይመስለኝም። እርስዎም ያጠፉት ነገር የለም።

ላንቃ ሲሰፋ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳ እንደ ጤነኛ ሥጋ አይለጠጥም። እርጥብ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንዴት እንደሚኮማተር አይተው የለ? ጠባሳውም እንዲሁ የላይኛውን መንጋጋ ጨምድዶ ይይዘዋል። የታችኛውን ግን የሚይዘው ስለሌለ እንደ ልቡ ያድጋል። ስለዚህ የልጅዎ አገጭ አልወጣም፤ ወደ ኋላ የቀረው የላይኛው ነው። ሕፃን ሳለች ብዙም አይታይም። ቋሚ ጥርስ ሲበቅል መታየት ይጀምራል፣ በጉርምስና ደግሞ ይጎላል።

«ታዲያ ባይሰፋስ ኖሮ?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ላንቃቸው ሳይሰፋ ያደጉ ሰዎች መንጋጋቸው ብዙ ጊዜ ደህና አድጎ ይገኛል። ግን የሚሉት አይሰማም፣ ድምፃቸው በአፍንጫ ይወጣል። ዘግይቶ ቢሰፋ እንኳ ንግግሩን ማቃናት በጣም ከባድ ነው። እርስዎ በጊዜ አሰፍተው ለልጅዎ ንግግር ሰጥተዋታል። የእኔ ልጅ ብትሆን እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው።

ቅቤው አጥንት አያሳድግም፤ ይተዉት።

አሁን የሚያስቸኩለኝ ሌላ ነገር ነው። ስንጥቁ ያለፈበት ድድ ውስጡ አጥንት የለውም። ክራንቻ ጥርሷ ደግሞ ከላይ ሆኖ ለመውረድ እየተዘጋጀ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ ከዳሌ ጥቂት አጥንት ተወስዶ ክፍተቱ ይሞላል። ክራንቻው ሳይወርድ ከተሠራ ጥርሱ በአዲሱ አጥንት ውስጥ አልፎ ቦታውን ይይዛል። ጊዜው ካለፈ ውጤቱ ይቀንሳል። አንዳንዴ አስቀድሞ የላዩን መንጋጋ ወደ ጎን የሚያሰፋ ብረት ይታሰራል። የተበላ ጥርስ ካላት ከዚያ በፊት ይታከም፤ ጥርሷን ጠዋት ማታ ትቦርሽ።

መንጋጋውን ቆርጦ ወደ ፊት የሚያመጣው ትልቁ ኦፕራሲዮን ግን አይቸኮልበትም። እድገት ሳያልቅ ከተሠራ የታችኛው ተመልሶ ያልፈዋል። ለሴት ልጅ ወደ 16፣ ለወንድ ወደ 18 ዓመት ይጠበቃል። ሁሉም ልጅ አያስፈልገውም።

እስከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የኋላ ጥርሷን አስነክሰው፣ በቀን ብርሃን ከጎኗ በስልክ ፎቶ ያንሷት። ሐኪሙ ከዓመት ዓመት ምን እንደተለወጠ ከዚያ ያያል። ሻይ ስትጠጣ በአፍንጫዋ የሚወጣ ከሆነም ይንገሩት፤ ላንቃዋ ላይ ቀዳዳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጆሮዋም ይመርመር፣ ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆች ብዙ ጊዜ ጆሯቸው ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ስድቡን ደግሞ ለመምህሯ ዛሬውኑ ይንገሩ። እንባዋ ቀላል ነገር አይደለም።

ደሴ ሄደው ሪፈር ያጽፉ። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል አለ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወጪውም እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስማይል ትሬይን የተባለው ድርጅት የስንጥቅ ሕክምና በነፃ እንዲሰጥ ስለሚረዳ፣ የእርስዎ ልጅ ምን ያህሉ እንደሚሸፈንላት እዚያው ይጠይቁ። የድሮውን የኦፕራሲዮን ወረቀት ይያዙ። ከጠፋም ይሂዱ።