ክትባት ከቅጠል፤ የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። ሁሉም የእፅዋት ቫይረስን ለክትባትና ለናኖቴክኖሎጂ ስለመጠቀም ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐረር ሸንኮር ጓሮዬ ውስጥ ቃሪያና ቲማቲም አለኝ። ዘንድሮ ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ ተኮማተረብኝ። የግብርና ባለሙያው ቫይረስ ነው አሉኝ። ልጄ ደግሞ «ከእንዲህ ዓይነት ቫይረስ ክትባት ይሠራል» ትለኛለች። ፍሬውን ልጆች ቢበሉት አይታመሙም ወይ?

መልስ፦ አይታመሙም እናታችን፤ ያለ ሥጋት ይብሉት። የእፅዋት ቫይረስ በቅጠል ላይ በተፈጠረ ቁስል በኩል ገብቶ በእፅዋት ሴል ውስጥ የሚራባ ነው፤ በሰው ሴል ውስጥ ሊራባ አይችልም። ቃሪያን የሚያጠቃው አንዱ ቫይረስ በምግብ በኩል በሰው ሆድ አልፎ ምንም ሳያደርግ ይወጣል። ከሰው ዓይነ ምድር ጋር በብዛት ስለሚገኝም ተመራማሪዎች ውሃ በፍሳሽ መበከሉን የሚለዩበት ምልክት አድርገውታል።

ልጅዎም አልተሳሳተችም። የሰውነታችን መከላከያ አንድ ዓይነት ቅርጽ ተደጋግሞና ተሰልፎ ሲያይ «ይህ ቫይረስ ነው» ብሎ ይነቃል። የቅጠሉ ቫይረስ ቅርፊት እንዲህ የተሰለፈ ነው፤ ግን አያሳምምም። ለክትባት የሚሆነው ቫይረስ ግን ከጓሮ አይለቀምም። የታመመውን ተክል ነቅለው ያቃጥሉት፤ ጤነኛውን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና፣ መቀሱን በበረኪና ይጠቡ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጓሮው ውስጥ ከገባም እጁን ይታጠብ፤ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በደረቀ ትምባሆ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ጥያቄ፦ አቦ ግራ ገብቶኛል። የምማረው ድሬዳዋ ነው፤ የማስተርስ ጥናቴ ካውፒ የሚባለውን የጥራጥሬ ሰብል በሚያጠቃው በካውፒ ሞዛይክ ቫይረስ ላይ ነው። ከ100 ግራም ቅጠል ያገኘሁት 9 ሚሊግራም ብቻ ነው። ጭማቂው ቡና መስሎ ይወጣል። ንጽሕናውን ለማየት በ260 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ያለው የብርሃን ንባብ በ280 ላለው ሲካፈል 1.4 ይሰጠኛል። ችግኙን ቫይረስ ያስያዝኩት በ3 ሳምንቱ ነበር፤ ከ25 ቀን በኋላ ሰበሰብኩት። ግሪንሃውሱ እኩለ ቀን ላይ 36 ዲግሪ ይደርሳል።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከ100 ግራም ትኩስ ቅጠል ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም መጠበቅ ይቻላል። የጎደለብህ በአብዛኛው ሴንትሪፊውጁ (በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለየው ማሽን) ላይ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ችግኙ ያለበት ማሰሮ ላይ ነው።

ካውፒ ቫይረሱን በደንብ የሚቀበለው ከተዘራ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ይህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጠላ ቅጠሎች ሙሉ ሆነው የተዘረጉበት፣ ሦስት ሦስት ሆነው የሚወጡት ቅጠሎች ግን ገና ያልፈኩበት ጊዜ ነው። በ3 ሳምንቱ ቅጠሉ ጠንክሯል። በየቅጠሉ ላይ ስስ የካርቦረንደም (ቅጠሉን የሚጭር ጠንካራ) ዱቄት ነስንስ፤ 5 ማይክሮግራም ቫይረስ ያለበት 50 ማይክሮሊትር ባፈር (አሲድነቱ የማይዋዥቅ ፈሳሽ) ጠብ አድርግና በጓንት ጣት በቀስታ እሸው። ዱቄቱ የሚፈለገው ሴሉ ሳይሞት እንዲጫር ነው። በማግስቱ ቅጠሉ ላይ የደረቀ ግራጫ ጠባሳ ካየህ እጅህ ከብዷል፤ በሞተ ሴል ውስጥ ቫይረስ አይራባም። ከዚያ 10 ቀን ያህል ጠብቀህ ሰብስብ። 25 ቀን መቆየትህ ቅጠሉን አስረጅቶታል፤ ቡና የመሰለውም ፌኖል (ቅጠል ሲፈጭ የሚያጠቁረው ውህድ) ስለበዛ ነው።

ሙቀቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አየሩ ሲሞቅ ተክሉ የቫይረስን አር ኤን ኤ (ዘረመሉን የያዘውን ክር) የሚቆራርጥበት መከላከያ ይበረታል፤ ስለዚህ 36 ዲግሪ ላይ የምትታገለው ከተክሉ ጋር ነው። ቀን 25፣ ሌሊት 20 ዲግሪ ዒላማህ ይሁን። የሐረር ከፍታ ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ ጥላና የአየር ዝውውር ሊበቃት ይችላል። 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ላለችው ድሬ ግን ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ግድ ነው። በእኛ እምነት ያላችሁ ገንዘብ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ለዚህ ክፍል ነው፤ አልትራሴንትሪፊውጅ ከሌላ ተቋም በተራ መጠቀም ይቻላል።

ማጣራቱን እንዲህ ሥራ። 100 ግራም የቀዘቀዘ ቅጠል ከ300 ሚሊሊትር በረዶ ላይ ከቆየ 0.1 ሞላር የፖታሲየም ፎስፌት ባፈር ጋር ፍጭ፤ ፒኤቹ 7.0 ይሁን። 0.2 በመቶ ሜርካፕቶኤታኖል ብትጨምርበት መጥቆሩን ይከላከልልሃል። በሁለትና ሦስት ድርብ ሻሽ ጭመቅና በ18,500 ጂ (ከመሬት ስበት 18,500 እጥፍ በሆነ ጉልበት) ለ20 ደቂቃ አሽከርክር። ከላይ በሚቀረው ፈሳሽ ላይ ክሎሮፎርምና ቡታኖል እኩል ለእኩል ቀላቅለህ የፈሳሹን መጠን 0.7 እጅ ጨምር፤ 30 ደቂቃ በቀዝቃዛ ቦታ አማስለህ እንደገና አሽከርክር። ይህ ሥራ ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ ብቻ ይሠራ። ቱቦውንም አስቀድመህ እይ፤ ክሎሮፎርም የፖሊካርቦኔት ቱቦን ይበላዋል፣ በማሽኑ ውስጥ ከተሰነጠቀ ምርትህም ሮተሩም ይጠፋሉ። አረንጓዴው ነገር ከታች ሲወርድ ጥርት ያለውን የላይኛውን ንብርብር ብቻ ውሰድ። መሃል ያለችውን ነጭ ሽፋን አትንካት፤ 1.4 የሰጠህ ከዚያ አብሮ የተሳበ የቅጠል ፕሮቲን ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ 0.2 ሞላር ጨውና 8 በመቶ ፒኢጂ 8000 (ቫይረሱን የሚያዘቅጥ ኬሚካል) ጨምረህ አንድ ሰዓት አማስል፣ አንድ ሰዓት አሳርፍ፤ ከዚያ አሽከርክረህ ዝቃጩን በ10 ሚሊሞላር ባፈር አሟሟው። የመጨረሻው ማጥሪያ ከ10 እስከ 40 በመቶ የስኳር ንብርብር ነው።

መጠኑን የምታውቀው የ260 ንባብን በ8.1 በማካፈል ነው። 20 ጊዜ አቅጥነህ 0.405 ካነበብክ በአንድ ሚሊሊትር ልክ 1 ሚሊግራም አለህ ማለት ነው። ንጹሕ ቫይረስ 260 ለ280 ሲካፈል 1.8 አካባቢ ይሰጣል።

አንድ ነገር አደራ። ይህን ቫይረስ ቅጠል በሊታ ጢንዚዛ ከማሳ ማሳ ያዛምተዋል፤ በአካባቢያችን ቆላ ደግሞ ካውፒ የሚያለማ ገበሬ አለ። የነፍሳት መከላከያ መረብ ይኑርህ፤ ቅጠሉን፣ አፈሩንና ጓንቱን በ121 ዲግሪ ሳታመክን አንዲት ቅጠል እንኳ ከክፍሉ አትውጣ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ለገሃር አካባቢ የምሠራ ነርስ ነኝ። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማችንን እንዴት እንዳጠቃት አይቻለሁ። በዚህ ዘዴ ክትባት ሊሠራ ይችላል? ቅጠሉን በማኘክስ መከተብ አይቻልም?

መልስ፦ ማኘኩ አይሆንም እህታችን። በአንዱ ቅጠል ያለው መጠን ከሌላው ይለያያል፣ ሆድ ውስጥ ፕሮቲኑ ይፈጫል፤ ከዚህም በላይ ሰውነት በምግብ መንገድ ደጋግሞ የሚያገኘውን ነገር መልመድ እንጂ መዋጋት ላይማር ይችላል። መጠኑ የማይታወቅ ነገር ክትባት አይባልም።

ክትባቱ ግን ከቅጠል ወጥቶ ይሠራል። ካናዳ በየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) የፈቀደችው የኮቪድ ክትባት የትምባሆ ዘመድ በሆነችው ኒኮቲያና ቤንታሚያና ውስጥ የተመረተ ነበር። አንዱ ክትባት 3.75 ማይክሮግራም ፕሮቲንና አጋዥ ቅመም ይዞ በ21 ቀን ልዩነት ሁለቴ ይሰጥ ነበር፤ በሙከራው 71 በመቶ ውጤት አሳይቷል። አምራቹ ድርጅት በ2023 ቢዘጋም ዘዴው መሥራቱ ታይቷል።

ተክሏን የሚያሠራት አግሮባክቴሪየም የተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ የምንፈልገውን ዘረመል ተሸክሞ ይገባል። የካውፒ ቫይረስ እዚህ ላይ ሌላ ውለታ አለው። በእንግሊዝ ጆን ኢንስ ማዕከል ከዘረመሉ ተወስዶ የተሻሻለች አጭር ቁራጭ ተክሏ ፕሮቲኑን እጅግ አብዝታ እንድትሠራ ታደርጋለች፤ ሙሉው ቫይረስም አያስፈልግም። ከ4 እስከ 5 ሳምንት የሆናት፣ ያላበበች ተክል ትመረጣለች። ባክቴሪያው በ600 ናኖሜትር 0.4 እስኪነበብ ቀጥኖ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በቅጠሉ ጀርባ ይገፋል፤ ቅጠሉ በሳምንት ውስጥ ይሰበሰባል። ከሥራው በፊት ተክሏ ውሃ ጠጥታ ብርሃን ላይ ካልቆየች የቅጠሉ ቀዳዳ ይዘጋል፣ ፈሳሹም አይገባም። ከ28 ዲግሪ በላይ ደግሞ ባክቴሪያው ዘረመሉን የሚያስተላልፍበት ቱቦ በደንብ አይሠራም። ያው የድሬ ሙቀት!

የቺኩንጉንያ ክትባቶች በሌላ መንገድ ተሠርተዋል፤ በ2025 አሜሪካ የፈቀደችው ባዶ ቅርፊት ብቻ ያለበት ነው፣ የተመረተው ግን በሰው ሴል እርባታ ነው። ደንጊ ይከብዳል። አራት ዓይነት ስለሆነ አንዱን በደንብ የማይገድል አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ሌላው ሲመጣ በሽታውን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የቫይረሱን ሽፋን በሙሉ ትተው አንዲት ክፍሉን ብቻ በሌላ ቫይረስ ቅርፊት ላይ ለጥፈው ለማሳየት ይሞክራሉ።

ስለ ማቀዝቀዣ ሰንሰለት ሊያስቡ ይችላሉ። የካውፒ ቫይረስ ቅርፊት 60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይችላል። ይህ ግን ማንንም አያታልል፤ በላዩ የተለጠፈው የበሽታው ፕሮቲን እንደ ቅርፊቱ ጠንካራ ላይሆን ይችላል። ፈተናው መደረግ ያለበት በተለጠፈው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከዚራ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ቫይረስ እንዴት ናኖቴክኖሎጂ ሆነ? ለክፍሌ ማሳያ የሚሆን፣ ዕቃ የማይፈልግ ነገር ብትነግሩኝ።

መልስ፦ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ 300 ናኖሜትር ርዝመት፣ 18 ናኖሜትር ውፍረት ያለው በትር ነው፤ በመሃሉ 4 ናኖሜትር ቀዳዳ ያልፋል። እያንዳንዱ በትር ከሌላው ጋር እኩል ነው፤ ፋብሪካ እንዲህ ትንሽና እኩል ዘንግ መሥራት ይቸግረዋል። አንዲት ሲስቲን (ከፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲዶች አንዷ) በዘረመል ተጨምራበት ወርቅ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ከዚያም ኒኬል ለብሶ የባትሪ ኤሌክትሮድ እንዲሆን ተደርጓል።

ቫይረሱን ወደ ትምህርት ቤት አያምጡ። ሽንብራ ያምጡ። የበትሩ ፕሮቲኖች እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተደርድረው በ3 ዙር 49 ናቸው፤ አንዱ ዙር 2.3 ናኖሜትር ከፍታ አለው። ተማሪዎች 300ን ለ2.3 ያካፍሉ፤ 130 ዙር ይመጣል። በ16⅓ ሲባዛ 2,130 ገደማ ፕሮቲን ያገኛሉ፤ ትክክለኛው ቁጥርም ይኸው ነው። ከዚያ በውሃ የራሰ ሽንብራ በክር ሰክተው፣ 49 ፍሬ ልክ 3 ዙር እንዲሞላ በወፍራም ዱላ ላይ ይጠምጥሙት። ክሩ አር ኤን ኤው ነው። ክሩን መዝዘው 17 ሽንብራ በክብ፣ ሌላ 17 በላዩ ቢያስቀምጡ ደግሞ አር ኤን ኤ ሳይኖር ፕሮቲኑ ብቻውን የሚሠራውን 34 ፍሬ ያለው ሳህን ያያሉ።