ከቀስቱ ጫፍ ባሻገር ተመልከቱ

እህታችን «ከላስ ቬጋስ ተነስተን ከልጆች ጋር የምናየው የድሮ የአየር ፖስታ መስመር ቅሪት አለ ወይ? ኮንክሪት ለማየትስ ያን ያህል መንገድ ያስኬዳል?» ብለው ጠይቀዋል። አለ፤ ያስኬዳልም። በበረሃው ዳር ዳር ለዓመታት ስዞር ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርዎት።

ከሎስ አንጀለስ በላስ ቬጋስ አድርጎ ሶልት ሌክ ሲቲ የሚገባው የፖስታ መስመር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። የእርስዎ ጉዞ ወደ ዩታ፣ ወደ ሴንት ጆርጅ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። እዚያ ኮረብታ ላይ ለአብራሪዎች አቅጣጫ እንዲያሳዩ መሬት ላይ ተሠርተው የቀሩ የኮንክሪት ቀስቶች አሉ። ቀስቱ እስከ 20 ሜትር ይረዝማል፤ ያኔ ደማቅ ቢጫ ይቀባ ነበር። መሐሉ ላይ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የብረት ማማ ቆሞ፣ አናቱ ላይ የሚሽከረከረው መብራት በየ10 ሴኮንዱ ብልጭ ይል ነበር። ከሥሩ ያሉት ትናንሽ መብራቶች ደግሞ በሞርስ ፊደል፣ ማለትም በአጭርና በረጅም ብልጭታ፣ የማማውን ተራ ቁጥር ይናገሩ ነበር። አብራሪው በጨለማ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህ ነበር።

መብራቱ ከመዘርጋቱ በፊት የነበረውን ሲያስቡት ነገሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1921 ጃክ ናይት የተባለው አብራሪ ከኖርዝ ፕላት ተነስቶ ኦማሃ ሲደርስ ተተኪው አልመጣም። በሌሊት በርሮበት በማያውቀው አገር ላይ፣ ሰዎች መሬት ላይ የለኮሱለትን እሳት እያየ ፖስታውን ቺካጎ አደረሰ። ይህን ታሪክ ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ቦታው ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ይፈልጉ። አራቱ የማማው እግሮች የቆሙበትን፣ የተቆረጠውን ብረትና ዝገት የበላውን ብሎን ያገኛሉ። ብዙዎቹ ማማዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብረታቸው ተነቅለዋል። በጭራው በኩል የጀነሬተር ቤት መሠረት ካለ ልብ ይበሉ።

ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ጫፉ ላይ ቆማችሁ አቅጣጫውን ተከትላችሁ ተመልከቱ፤ ቀጣዩ ማማ የነበረው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ከቤት ሳትወጡ በሳተላይት ካርታ ላይ ያንኑ መስመር ብትከተሉ ሌላ ቀስት ልታገኙ ትችላላችሁ። ለእኔ ትልቁ ደስታ ይኸው ነው።

በአሜሪካ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) አትሂዱ፤ ሙቀቱ ለልጆች አይሆንም። መሬቱ የግል ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ማማውን ቆሞ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ግራንትስ የሚገኘው የአቪዬሽን ሙዚየም ከነጀነሬተር ቤቱ አድሶ አቁሞታል።