ጋዜጠኛው የት ቆሞ ነው ያየው?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። እኔ መንዝ መሀል ሜዳ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ለንባብ ብዬ በ2003 ሶማሊያ ስለገባው ረሀብ የተፃፈ የውጪ ጋዜጣ ክፍል ይዤ ገባሁና አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ ሰው እስኪያልቅ የት ነበሩ? ደሞ ለምንድነው ሁሌ ዝንብ የወረረው ህፃን ብቻ የሚያነሱት?» አለኝ፣ መልስ አጣሁ። አባቴ ደሞ በ77 እኛንም እንደዛ ነው ያነሱን ብሎ እስካሁን ይቆጣል። ጠቀሙን ነው የሚባለው ወይስ አዋረዱን? ፎቶውንስ ለልጆቹ ላሳይ?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ተማሪሽ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፣ ከቀኑ ልጀምርልሽ። ሶማሊያ ረሀብ ገብቷል ተብሎ በተባበሩት መንግስታት የታወጀው ሐምሌ 13 ቀን 2003 ነው፣ መጀመሪያ የተጠሩት ቦታዎችም ደቡብ ባኮልና ታችኛው ሸበሌ ናቸው። ግን ዴር የሚሉት የጥቅምት ዝናባቸው የቀረው ከዛ በፊት በ2003 መጀመሪያ ነው፣ ፊውስ ኔት የሚባለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ድርጅትም ከዛው ጊዜ ጀምሮ ደጋግሞ ፅፏል፣ ሰሚ ግን ብዙ አልነበረም። በኋላ በተሰራው ጥናት 258,000 ሰው ገደማ ነው ያለቀው፣ ከዛ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ህፃናት ናቸው፣ እና የሚያሳዝነው ከሟቹ ግማሽ ያህሉ የሞተው አዋጁ ሳይነገር ነው። የእንግሊዝ ጋዜጦች በዛው ሐምሌ የያዙት ወሬ ምን ነበር ካልሽኝ፣ ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የሚባለው ጋዜጣ በስልክ ጠለፋ ቅሌት ተዘግቶ የሱ ጉድ ነበር ገፁን የሞላው፣ ከዛ የኖርዌይ ግድያ መጣ።

ለምን ዘገዩ? ጋዜጣ ዛሬ የሆነ ነገር ይፈልጋል፣ ረሀብ ደሞ ዛሬ ሆነ የሚባል ነገር አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። እናንተ መንዝ በደንብ ታውቁታላችሁ፣ በልግ ሲቀር መጀመሪያ የሚታየው ገበያው ላይ ነው፣ የበጉ ዋጋ ይወርዳል የገብሱ ዋጋ ይወጣል፣ ሰው ያለውን ይሸጣል፣ ማንም ገና አልከሳም። ሶማሊያም ከብቱ አልቆ እህሉ ዋጋው ሰማይ ሲነካ ነው ነገሩ የጀመረው። በዚህ ሰዓት የሚነሳ ፎቶ ዓይን አይስብም፣ ስለዚህ ኤዲተሩ አያወጣውም፣ ህፃኑ ሲከሳ ያወጣዋል፣ ያኔ ደሞ ረፍዷል።

ሁለተኛው ነገር ጋዜጠኛው የቆመበት ቦታ ነው፣ ለኔ ዋናው ይሄ ነው። ደቡብ ሶማሊያ አብዛኛው በአልሸባብ እጅ ነበር፣ መግባት አይቻልም፣ ስለዚህ አብዛኞቹ የሄዱት ኬንያ ዳዳብ የሚባለው የስደተኞች ካምፕ ነው፣ አንዳንዱም እኛ ጋ ዶሎ አዶ፣ አውሮፕላን የሚያርፍበት፣ የእርዳታ ድርጅት መኪና ያለበት። እዛ ያለው ደሞ በእግሩ ተጉዞ የደረሰው ሰው ነው። መንቀሳቀስ ያቃተው፣ በሬ ቢጠፋ በመቆፈሪያ ሊያርስ ሲሞክር የቀረው፣ አሮጊቷ፣ እነሱ ፎቶ ውስጥ የሉም። እንደዛ ሆኖ አንባቢው ረሀብ ማለት ሰልፍ ይዞ እጁን የዘረጋ ሰው ይመስለዋል፣ ገበሬ መሆኑ ከብት አርቢ መሆኑ ይጠፋል። ስም ላይም እዪው፣ የእርዳታ ሰራተኛው ሙሉ ስሙ ከነማዕረጉ ይፃፋል፣ እናትየዋ «አንዲት እናት» ትባላለች። ይሄ እኔን ሁሌ ያንገበግበኛል።

ርዕሱ ደሞ «በ60 ዓመት ያልታየ ድርቅ» ነበር በየጋዜጣው። ድርቁ እውነት ነው፣ ግን ያው ድርቅ ሰሜን ኬንያንም የኛን ቦረናና ሶማሌ ክልልንም መቷል፣ ሰው ተቸግሯል፣ ረሀብ ተብሎ የታወጀው ግን ሶማሊያ ብቻ ነው። ልዩነቱ ጦርነቱ ነው፣ አልሸባብ የእርዳታ ድርጅቶችን አባሯል፣ አሜሪካም በፀረ ሽብር ህጓ ምክንያት እርዳታው አሸባሪ እጅ ይገባል ብላ ብዙውን ይዛ ነበር። ይሄንን የፃፉ ጋዜጦች አልጠፉም፣ በእውነት በደንብ የፃፉ አሉ፣ ግን ፊት ገፅ ላይ የሚወጣው ፎቶው ነው፣ ምክንያቱ ውስጥ ገፅ ይቀራል።

የአባትሽን ቁጣ እረዳዋለሁ፣ ግን ሌላም ጎን አለው። በ66ቱ የወሎ ረሀብ ሰው በደሴ መንገድ ዳር ሲረግፍ መንግስት ደብቆት ነበር፣ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ቀርፆ ለዓለም ያሳየው። በ77ም ደርግ አስረኛውን የአብዮት በዓል በድምቀት ሲያከብር የኛ ጋዜጦች መድረክና ባንዲራ ነበር የሚያሳዩት፣ ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን የማይክል በርክን ዘገባ ከኮረም ባያሳይ ኖሮ ስንቱ ባለቀ። ካሜራውን የያዘው መሀመድ አሚን ደሞ ኬንያዊ ነው፣ ጎረቤታችን። ስለዚህ ጠቅመውናል፣ ክብራችንንም አልጠበቁልንም፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ አንዱን ለማለት ሌላውን መካድ የለብሽም። የሀገር ውስጥ ጋዜጠኛ መጀመሪያ መፃፍ ቢችል ኖሮ እኮ የውጪውን አንጠብቅም ነበር።

አሁን ሱዳን ላይ ደሞ ሌላ መልክ መጥቷል። ዳርፉር ውስጥ ኤል ፋሸር ከተማ አጠገብ የነበረው ዘምዘም የተፈናቃዮች ካምፕ ረሀብ መግባቱ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ሲረጋገጥ የውጪ ጋዜጠኛ እዛ አልነበረም ማለት ይቻላል፣ ጋዜጦቹ የሰሩት በስልክ፣ ነዋሪው ቀርፆ በላከው ቪዲዮና በሳተላይት ምስል ነው። ፎቶ ስላልነበረ ወሬው በዩክሬንና በጋዛ ተዋጠ። ግን አንድ ጥሩ ነገር ልብ ብያለሁ፣ ሰፈሩ ውስጥ ተሰብስበው ተኪያ በሚሉት የጋራ ማዕድ ቤት ጎረቤታቸውን የሚያበሉት የሱዳን ወጣቶች በራሳቸው አፍ ሲናገሩ አነበብኩ፣ ይሄ በ77 አልነበረም።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ለትንንሾቹ አታሳዪ። 11ኛና 12ኛ ክፍል ከሆኑ አሳዪያቸው፣ ግን ከነፅሁፉ፣ ከነቀኑ። ከዛ ጋዜጠኛው የት ቆሞ ነው የፃፈው፣ ማን ነው በስሙ የተጠራው፣ ከፎቶው በፊት ስድስት ወር ምን ሆኖ ነበር ብለሽ ጠይቂያቸው። አባትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ክፍል ይዘሻቸው ግቢና በ77 ያዩትን ራሳቸው ይንገሯቸው፣ ልጆቹም ይፃፉት። የፃፉትን ብትልኪልኝ እዚሁ ገፅ ላይ ከነስማቸው አወጣዋለሁ።