«አምስት ፍሬ ብቻ ስጪኝ» ሲሉኝ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ጉንፋን የያዘው ሁሉ እየመጣ አሞክሳሲሊን (ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ) ስጪኝ ይለኛል፣ ማዘዣ አምጣ ስለው ይቆጣል፣ ከዛ «እሺ አምስት ፍሬ ብቻ» ብሎ ይደራደራል። እምቢ ካልኩ ሌላ ቤት ሄዶ ይገዛል፣ ባለቤቱም ገበያ አባረርሽ ብሎ ያኮርፈኛል። ሕጉን አውቀዋለሁ፣ በተግባር ግን እንዴት ነው የሚሆነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አልዋሽሽም፣ እኔም ጀማሪ ሳለሁ አምስት ፍሬ ቆርጬ ሸጫለሁ፣ ከመከልከልም ሙሉውን ከመስጠትም ይሻላል መስሎኝ። አይሻልም። ጉንፋን ቫይረስ ስለሆነ አምስትም ስጪው ሃያ ምንም አይሠራለትም፣ ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ ያልበቃ ዶዝ ደካሞቹን ገድሎ ጠንካሮቹን ነው የሚተወው። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ ሰው ከሱቅ ገዝቶ አሳንሶ ይወስደዋል ብሎ ይቺኑ ነገር ፈርቷት ነበር።

«አሞክሳሲሊን አልሠራልኝም፣ ጠንከር ያለ አዚትሮማይሲን ስጪኝ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲመድብ አዚትሮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን ያስቀመጠው ሬዚስታንስ (ባክቴሪያው መድኃኒቱን መቋቋም) ቶሎ ስለሚፈጠርባቸው ይበልጥ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ጋር ነው።

ሰውየው ሲመጣ «ሕጉ አይፈቅድም» ብለሽ አትጀምሪ፣ ያኔ ክርክር ውስጥ ገባሽ ማለት ነው። ጠይቂው። ለማን ነው፣ ስንት ቀን ሆነው፣ ትኩሳት አለው ወይ፣ ትንፋሽ ያጥረዋል ወይ፣ ጨቅላ ሕፃን ነው ወይ፣ ነፍሰ ጡር ናት ወይ። የሚያሰጋ ነገር ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ላኪው። ከሌለ ፓራሲታሞል፣ የአፍንጫ ጨው ውሃ፣ ለተቅማጥ ከሆነ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን ጨውና ስኳር) ስጪው፣ የሚብስ ከሆነ መቼ መታየት እንዳለበትም ንገሪው። ባዶ እጁን ስላልወጣ ብዙው ሰው አይቆጣም፣ ባለቤቱም ሸጧል።

አንዳንዱ ግን ማዘዣ ይዞም አምስት ፍሬ የሚለው ብር ስላጠረው ነው! ለሱ አትቁረጪለት፣ ያዘዘለትን ሐኪም ደውለሽ ረከስ ያለ አማራጭ ጠይቂ። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘር ስለሆነ፣ ማዘዣ ያለውንም ቢሆን ፔኒሲሊን ወስዶ ሽፍታ ወይ የፊት እብጠት ወጥቶበት ያውቅ እንደሆነ ሳትጠይቂ አሞክሳሲሊን አትስጪ።

ሌላ ቤት ሄዶ ስለሚገዛው እኔም መፍትሔ የለኝም። ለባለቤቱ ግን ተቆጣጣሪ መጥቶ የአንቲባዮቲኩን ስቶክና ማዘዣዎቹን ሲያመሳክር ፈቃዱ የሚታገደው የሱ እንጂ የጎረቤቱ እንዳልሆነ ንገሪው፣ እሱ ይገባዋል።