«ገቢ» የሚለውን ቃል ከመጠይቁ አውጡት

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞርን መረጃ የምንሰበስብ ልጆች ለጋሼ የላክነው ጥያቄ ነው። ጋሼ አሮጌውን የንግድ ድርጅቶች መጠይቅ እንደ አዲስ እየጻፉት ነው። መልሳቸውን እንዳለ አስቀምጠነዋል፤ ቁጣውንም ጭምር።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ዓመታዊ ገቢ ስንጠይቅ ሁሉም አሳንሶ ይናገራል። ውሸታቸውን እንዴት እንከላከል?

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ይዋሻሉ ከማለትህ በፊት ምን ብለህ እንደጠየቅህ እይ። «ገቢ» ስትለው ሰውየው የሚታየው «ገቢዎች» ነው። ግብር። እዚያው ላይ ይዘጋሃል። ባይፈራህም ቃሉ ራሱ አንድ ነገር አይደለም። አንዱ ጠቅላላ ሽያጩን ይነግርሃል። ሌላው ወጪውን ቀንሶ የተረፈውን። ሦስተኛው ለቤቱ የሚወስዳትን። ሦስቱም አልዋሹም። አንተ ግን አንድ ዓምድ ውስጥ ከተህ ደመርካቸው።

አንድ ብሎኬት ማምረቻ ገብቼ ባለቤቱን «ገቢህ ስንት ነው?» አልኩት። «ኧረ ምን ገቢ አለ፣ ኪሳራ ነው እንጂ» አለኝ። ዝም ብዬ ቆየሁና «ትናንት ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት ስንት ወጣ?» አልኩ። ወዲያው ነገረኝ። ባለ 15ቱንም ለብቻው። «አንዱን በስንት ሰጠህ?» እሱንም። ከኮቱ ኪስ ሲሚንቶ የነካው ደብተር አወጣ፤ የወጣ፣ የተሸጠ፣ ዱቤ ብሎ በሦስት ከፍሎ ጽፎበታል። መጠይቁ እንደዚያ ደብተር ይጠይቅ። ማባዛቱና መደመሩ የእኛ ሥራ ነው።

ደግሞም ሳትሞክሩ አታትሙ። አምስት ስድስት ባለ ድርጅት ጋ ቁጭ በሉና ጥያቄውን አንብባችሁ «ምን የጠየቅኩህ መሰለህ?» በሉ። መልሱ ያስደነግጣችኋል።

ከቃሊቲ፦ ወረቀት ይሻላል ታብሌት?

ጋሼ፦ ታብሌት። መጥፎ ጥያቄ ግን ታብሌት ላይም መጥፎ ነው።

ከገላን፦ ሱፐርቫይዘር ነኝ። «ባለፈው ዓመት ስንት አመረታችሁ?» የሚለው ላይ የሥራ አስኪያጁና የሒሳብ ሠራተኛዋ ቁጥር በጭራሽ አይገጥምም። የማንን ልያዝ?

ጋሼ፦ ጎሽ፣ ይሄ ጥያቄ ነው። «ባለፈው ዓመት» ስትዪ ለሥራ አስኪያጁ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ነው። ለሒሳብ ሠራተኛዋ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ መዝገቧን የምትዘጋው በዚያ ነዋ። የውጭ ሸሪክ ያለበት ድርጅት ከሆነ ደግሞ ጃንዋሪ ይመጣል። ስለዚህ «ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017» ተብሎ ሙሉውን ይጻፍ፤ ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ይደገም። ገጽ አንድ ላይ ብቻ ከጻፋችሁት ገጽ ስድስት ሲደርስ ማንም አያስታውሰውም።

የማንን ልያዝ ላልሽው፣ ሁለቱም ያስፈልጉሻል። የምርት መጠኑን ክፍል ለምርት ኃላፊው፣ የብሩን ለሒሳብ ክፍል ስጪ። አንዳንዱ ፋብሪካ ማሽኑ ገላን፣ መዝገቡ መርካቶ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቁጭታ ሁሉንም ይመልሳል ብሎ የተዘጋጀ መጠይቅ ግምት ሰብስቦ ይመጣል።

ከአቃቂ፦ ጥሩ መጠይቅ እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

ጋሼ፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም። የቸገረህን አንድ ነገር ይዘህ ና።

ከቱሉ ዲምቱ፦ አሸዋ ስንት እንደሚጠቀሙ ስጠይቅ «በሳምንት ሁለት ቢያጆ» ይሉኛል፤ ሁለት የመኪና ጭነት ማለታቸው ነው። በሜትር ኩብ ስንት ብዬ ልሙላ?

ከቃሊቲ፦ 16 ነው። ሁሌም።

ከገላን፦ ማን ነው ሁሌም ያለው? ሲኖ ከሆነ ነው እንጂ! አይሱዙ ያንን የት ይጭነዋል?

ከቃሊቲ፦ አሁን በአይሱዙ አሸዋ የሚያመጣ አለ እንዴ?

ከገላን፦ እኛ ሰፈር ና፣ ላሳይህ። ሲኖውም ቢሆን ጎኑ ተቀጥሎለት የሚመጣ አለ።

ከአቃቂ፦ ሲሚንቶውስ? አንዱ በከረጢት፣ አንዱ በኩንታል ይናገራል።

ጋሼ፦ በቃ! የመኪና ክርክሩን ሻይ ቤት ጨርሱት። ሰውየው «ቢያጆ» ካለ «ቢያጆ» ብላችሁ ጻፉ፤ አጠገቡ የመኪናው ዓይነት ይሞላ። ሲሚንቶም እንደዚያው፤ 1 ኩንታል ባለ 50 ኪሎ 2 ከረጢት ስለሆነ ሒሳቡ ቢሮ ይሠራል። መስክ ላይ በጭንቅላታችሁ አትቀይሩ። የተቀየረውን ቁጥር ማንም መልሶ ሊያጣራው አይችልም።

ከገላን፦ ጋሼ፣ ሠራተኛ ስንት ነው ስል «ሦስት» ይሉኛል፣ ግቢው ግን በሰው ተሞልቷል።

ጋሼ፦ «ሠራተኛ» ሲባል ቋሚውን ነው የሚቆጥሩት። በፍሬ የሚከፈለው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሚስቱ፣ ከገጠር የመጣው የወንድሙ ልጅ አይገቡም። «ባለፈው ሳምንት እዚህ የሠራ ሰው» በይና አራቱንም ለየብቻ ጠይቂ። ቀልድ አይደለም። በኃይል በሚሠራ ማሽን እየተጠቀመ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አምራች «ትልቅና መካከለኛ» ውስጥ ነው የሚመደበው። ሦስት ብለሽ ከጻፍሽ ድርጅቱን እንዳለ ሌላ ጥናት ውስጥ ወረወርሽው።

ከአቃቂ፦ መልስ ካላገኘሁ ሳጥኑን ባዶ ልተወው?

ጋሼ፦ ኧረ በፍጹም! 0 ማለት የለም ማለት ነው። «አይመለከተውም» ሌላ ነው። «አላውቅም» ሌላ፣ «አልናገርም» ሌላ። ባዶ ሳጥን ሳይ አንተ ረሳኸው ወይስ እሱ እምቢ አለ፣ በምን ልወቅ?

ከቃሊቲ፦ የአበሉ ነገር ምን ደረሰ?

ጋሼ፦ እኔን አትጠይቁ።

ከቃሊቲ፦ ሌላም አለኝ። በር ላይ «ቆጣሪ ነኝ» ስል ዘበኛው ከአጥሩ ጀርባ ወስዶ የመብራት ቆጣሪውን አሳየኝ።

ጋሼ፦ አሳቅከኝ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? «ጥናት ላይ ነኝ» በል። ለማንኛውም ካሳየህ አይቀር የመብራት ክፍያውን ጠይቅ። ወፍጮው ሥራ ፈቶ ነው የከረመው እያለህ ሒሳቡ ካልቀነሰ ደግመህ የምትጠይቀው ነገር አለ።

ከአቃቂ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን ነው የገባሁት። ገቢያቸውን ሲያሳንሱ ምን እናድርግ?

ጋሼ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። እኔ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ነኝ፤ አዲሱን መጠይቅ ሦስት ብሎኬት ማምረቻ ላይ እሞክረዋለሁ። መምጣት የምትፈልጉ ታብሌቱን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።